ካርቱም ምን የሚታይ ነገር አላት? ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ካርቱም ኖሬ እንደመጣሁ የሰሙ የመጠለያ ልጆች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «ሥራው እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ የሚመጣ ነው፤ «ግን ከተማው ራሱ ምን ይመስላል? ምን የሚታይ ነገር አለው?» ለመጀመሪያው ሁላችንም መልስ አለን። ሁለተኛው ሲመጣ ግን እንቸገራለን። ብዙዎቻችን አምስት ስድስት ዓመት ኖረን የምናውቀው ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድና አፈሳ ሲመጣ የምንደበቅበትን ጥግ ብቻ ነው።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስሠራ ከግቢው የምወጣው ለዳቦ ነበር። የቤቱ አያት፣ ሐቦባ የምንላቸው፣ አንድ ዓርብ ጠዋት «አንቺ ልጅ፣ የሀገርሽ ውሃ እዚህ ደጃችን ይመጣል፤ እስካሁን አላየሽውም?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። በዚያ ቀን የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ሞግረን ላኩኝ። ከዚያ በኋላ፣ ወጥቼ ቡና መሸጥ ከጀመርኩም ወዲያ፣ ዓርብ ዓርብ አንድ ቦታ ማየት ልማዴ ሆነ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከተማዋን ኖረውባት ሳያዩዋት ለወጡ፣ ልጆቻቸው ለሚጠይቋቸውና አንድ ቀን በሰላም ለሚያልፉባት ሰዎች ነው። አሁኑኑ ተነስታችሁ ሂዱ ማለቴ አይደለም። ስለ ጦርነቱና ስለ ጥንቃቄው መጨረሻ ላይ ጽፌያለሁ፤ እሱን ሳታነቡ አትለፉ። የሱዳንን ዘመን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከተማዋ እንዴት ተቀምጣለች?

ካርቱም አንድ ከተማ አይደለችም፣ ሦስት ናት። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ዓባይ (እነሱ «በሕር አል-አዝረቅ»፣ ሰማያዊው ወንዝ ይሉታል) ከምሥራቅ ይመጣል። ነጭ ዓባይ ከደቡብ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ ሱዳን ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ዋናዋ ካርቱም ናት፤ ቤተ መንግሥቱ፣ መሥሪያ ቤቶቹና አየር ማረፊያው እዚህ ነው። ከነጭ ዓባይ ማዶ በምዕራብ ኦምዱርማን አለች፤ የድሮው ገበያና የድሮው ታሪክ እዚያ ነው። ከዓባይ ማዶ በሰሜን ደግሞ ባሕሪ አለች፤ ፋብሪካው የበዛው በእሷ በኩል ነው። ሦስቱን የሚያገናኙት ድልድዮች ናቸው።

ካርቱም በ1821 የግብፅ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ሲይዝ የጦር ሰፈር ሆና ነው የተነሳችው። ስሟን ብዙ ሰው «የዝሆን ኩምቢ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት መሬት እንደ ኩምቢ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ነው ይላሉ።

ለመንቀሳቀስ ትልቁ መናኸሪያ መሐል ከተማ ያለው ጃክሰን ነበር። ከዚያ ሐፊላ (አውቶቡስ) ወይም ሃይስ ሚኒባስ ተይዞ ወደ ሦስቱም ከተሞች ይኬዳል። እኛ ባጃጅ የምንለውን እነሱ ራክሻ ይሉታል። መውረድ ስትፈልጉ «ወራጅ አለ» ብሎ መጮህ የለም፤ ጣታችሁን ጠቅ ታደርጋላችሁ። እኔ ጣቴ እሺ ስለማይለኝ ስንት ጊዜ ሰፈሬን አልፌ ወርጃለሁ።

የእረፍት ቀን ዓርብ ነው። ጠዋት ከተማው ጭር ይላል፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ምሳ ይበላል፣ አሥር ሰዓት አካባቢ ሙቀቱ በረድ ሲል ሕዝቡ በአንዴ ይወጣል። ለመዞር ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ቀኑ ማታ ይሆናል፤ ያኔ ቤት ገብቶ መስኮት መዝጋት ነው።

ሞግረን፤ ዓባይ የሚገናኝበት

አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ሞግረንን እመርጣለሁ። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ነው። ከካርቱም ወደ ኦምዱርማን በሚወስደው በድሮው የነጭ ዓባይ ድልድይ (በ1926 የተሠራው ነው) ላይ ስታልፉ ወደ ሰሜን ብታዩ ይታያችኋል። አጠገቡም የቤተሰብ መዝናኛ ፓርክ ነበር።

ክረምት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእኛው ዓባይ የጎጃምንና የወለጋን አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ ይመጣል። ነጩ ደግሞ አመድማ ነው። ሁለቱ ወዲያው አይቀላቀሉም፤ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ትንሽ ይሄዳሉ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከተከዜና ከባሮ ጋር ሲደመር፣ ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከአሥር እጅ ስምንቱ በላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ ወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን እዚያ ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ። የሐቦባ የልጅ ልጅ የታመምኩ መስሎት ውሃ ገዝቶ አመጣልኝ። እኛ ሐበሾች ዓርብ ማታ እዚያ ስንገናኝ ብዙ አናወራም ነበር። ውሃውን እናያለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ለእናቶቻችን እንልካለን። ፎቶ ስትነሱ ግን ድልድዩንና ወታደር ያለበትን ቦታ አታንሱ፤ በሱዳን በዚህ ብዙ ሰው ተይዟል።

ናይል ጎዳና፣ ሻይና ጀበና

ከሞግረን ወደ ምሥራቅ ዓባይን ይዞ የሚሄደው መንገድ ናይል ጎዳና (ሻሪዕ አል-ኒል) ይባላል። ብሔራዊ ሙዚየሙ፣ የድሮው ግራንድ ሆቴል፣ የካቶሊኮች የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራልና ቤተ መንግሥቱ በዚሁ መስመር ናቸው። እንቁላል የመሰለው ረጅም ሆቴል በ2008 የተከፈተው ቡርጅ አል-ፋቲሕ ነው። ገንዘቡ ከሊቢያ ስለመጣ ሰው «የጋዳፊ እንቁላል» ይለው ነበር።

እኛን የሚመለከተን ግን ከአስፋልቱ ዳር ያለው ነው። ሲመሽ በወንዙ ዳር ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ይደረደራሉ። ከሰል አያይዛ፣ ብርጭቆዎቿን ደርድራ የተቀመጠችው ሴት ሲት አል-ሻይ ትባላለች፣ የሻይ እመቤት ማለት ነው። ጥቁር ሻይ በናና፣ ሻይ በወተት፣ ከርከዴና ጀበና ትሸጣለች። ከሻይ በወተት ጋር ለጊማት ይቀርባል፤ በዘይት የተጠበሰ ክብ ሊጥ ነው፣ ስኳር ይነሰነስበታል።

ጀበና ሲሉ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቡናውንም ማለታቸው ነው። ዝንጅብል ይገባበታል፣ አንዳንዴም ሌላ ቅመም። መጀመሪያ ስጠጣው «ይሄ ቡና ነው ወይስ የጉንፋን መድኃኒት?» ብዬ ነበር፤ በኋላ እኔው ራሴ ዝንጅብል ወቃጭ ሆንኩ። ይህን ሥራ ከያዙት ሴቶች ብዙዎቹ ከጦርነትና ከድርቅ የሸሹ የዳርፉርና የኑባ ተራሮች ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር እኛም ነበርን። አፈሳ፣ ከሻ የሚሉት፣ ሲመጣ ከሰላችንን ደፍተን፣ ወንበራችንን ጥለን አብረን እንሮጥ ነበር። አንድ ቀን ዕቃዬን ሁሉ ጭነው ሲወስዱት አንዲት የኑባ ሴት ከሦስት ጀበናዋ አንዱን ሰጠችኝ። ማግስቱን ሥራ የጀመርኩት በእሱ ነው።

ቱቲ ደሴት

ከሞግረን በላይ፣ በዓባይ መሐል የተቀመጠች አረንጓዴ ደሴት አለች። ድልድይ ሳይሠራላት በፊት የሚገባባት በጀልባ ብቻ ነበር። ከተማው መሐል ሆና ገጠር ናት፤ ሎሚ፣ አትክልትና ለከብት የሚሆን ሣር ይመረትባታል። ዓርብ ከሰዓት ቤተሰብ ምንጣፍና ጀበና ይዞ ይሄድባታል። ምንም የሚከፈልበት ነገር የለም፤ ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ከሁሉ የተሻለች ቦታ እሷ ነበረች።

የቱቲ ሰዎች ውሃ ሲሞላ ሌሊት ተራ ገብተው ዳሩን እየጠበቁ፣ ጆንያ አሸዋ ሞልተው እየደረደሩ ነው የኖሩት። በ2020 ክረምት ዓባይ ከልክ በላይ ሞልቶ ሱዳን ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጀች ጊዜም እንዲሁ አድርገዋል።

ብሔራዊ ሙዚየም

ሙዚየሙ የተከፈተው በ1971 ነው። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ስትሠራ ውሃው የኑቢያን ምድር ሊውጥ ሆነ። ያኔ ቤተ መቅደሶቹን ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው ወደ ካርቱም አመጧቸው። የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የንጉሥ ታሃርቃ ትልቅ ሐውልትም እዚያው ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ፎቅ ላይ ያየሁት የፋራስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ኑቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት የክርስቲያን መንግሥታት ሀገር ነበረች። የፋራስ ካቴድራል በአሸዋ ተቀብሮ ኖሮ፣ ውሃው ከመምጣቱ በፊት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፖላንድ አጥኚዎች ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ አውጥተው አዳኗቸው። ግማሹ ዋርሶ ሄደ፣ ግማሹ ካርቱም ቀረ። ከእነዚያ መካከል ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ ውስጥ፣ መልአኩ ከላያቸው ክንፉን ዘርግቶ፣ ነበሩ። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ልክ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል! ማንም ሳይነግረኝ ማን እንደሆኑ አወቅኳቸው። ጥበቃው ስሳለም አይቶ ሳቀብኝ፣ ግን አልከለከለኝም።

በጦርነቱ ይህ ሙዚየም ተዘርፏል። ትልልቆቹ ድንጋዮች ሲቀሩ፣ ሊነሳ የሚችለው ብዙው ቅርስ ተወስዷል። የሱዳን ቅርስ ሠራተኞች የተወሰደውን እየመዘገቡና እየፈለጉ ነው። ሰው አንድ ጥንታዊ ዕቃ «ልሽጥልህ» ቢላችሁ እንዳትነኩ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው።

ኦምዱርማን፤ የእኛም ታሪክ ያለበት

ኦምዱርማንን ዋና ከተማ ያደረጓት ማሕዲስቶች ናቸው፤ በእኛ ታሪክ ደርቡሽ የምንላቸው። በጥር 1885 ካርቱምን ያዙ፤ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደንም ያን ጊዜ ተገደለ። ማሕዲው ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ሞተና ኸሊፋ ዓብዱላሂ ተተካ። እስከ መስከረም 1898 የከረሪ ጦርነት ድረስ ገዛ።

የማሕዲው መቃብር ጉልላቱ የብር ቀለም ያለው ሕንፃ ነው። እንግሊዞች ሲገቡ አፍርሰውት ነበር፤ አሁን ያለው በ1947 እንደገና የተሠራው ነው። ፊት ለፊቱ የኸሊፋ ቤት (በይት አል-ኸሊፋ) አለ፤ ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ጠባብ በር፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ባንዲራ፣ የዘመኑ ገንዘብና ሱዳን ከገቡ የመጀመሪያ መኪኖች አንዱ ይታይበት ነበር።

አንድ ኢትዮጵያዊ እዚህ ሲገባ ዝም ይላል። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደዚህች ከተማ ወደ ኦምዱርማን መጣ። የዚያን ቀን አብሮኝ የነበረው ሱዳናዊ ጎረቤታችን ነገሩን ስነግረው አላወቀም ነበር። ትንሽ አሰበና «እንግዲህ አያቶቻችን ተጋደሉ፤ ዛሬ ግን አንቺ ቡና ታፈይልኛለሽ፣ እኔ ስኳር እገዛልሻለሁ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መተማ ዛሬ የሸሹ ሱዳናውያን ወደ እኛ፣ የሸሹ የእኛ ሰዎች ወደ እነሱ የሚሻገሩባት በር መሆኗን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በእግር ወደ ሱቅ ኦምዱርማን ይኬዳል። ከሱዳን ትልልቅና ጥንታዊ ገበያዎች አንዱ ነው። የወርቅ መስመር፣ የቅመም መስመር፣ የቆዳ ጫማ መስመር፣ የሽቶና የዕጣን መስመር ለየብቻ ነው። የሙሽራ ዕቃ የሚሸጥበት ጥግ ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ዋጋ ሲነግሯችሁ ግማሹን ጥሩና ሂዱ፤ ከኋላ ይጠሯችኋል።

ዓርብ ማታ፤ ከበሮና ትግል

ሐመድ አል-ኒል የሚባሉ የሱፊ ሼክ መቃብር ከኦምዱርማን በስተምዕራብ፣ ሰፊ የመቃብር ሥፍራ መሐል አለ። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደርቪሾች አረንጓዴና ቀይ ለብሰው በከበሮ ይመጣሉ። ሕዝቡ ክብ ይሠራል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ «ላኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ይዞራሉ። ለማየት ክፍያ የለም፤ እንግዳ ይፈቀዳል። ነገር ግን ጨዋታ ሳይሆን አምልኮ ነው፤ ጨዋ ልብስ ለብሶ፣ ዳር ቆሞ ማየት ነው። በረመዳን አይደረግም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ከበሮው ሲመታ የጥምቀት ምሽት ትዝ ይለኝ ነበር።

ሌላው የዓርብ ነገር በባሕሪ በኩል በሐጅ ዩሱፍ የሚደረገው የኑባዎች ትግል ነው። ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ ሰዎች ባህላቸውን ይዘው መጥተው ከተማው ላይ የተከሉት ስፖርት ነው። ሁለት ወጣቶች አሸዋ ላይ ይገጥማሉ፣ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። አሸናፊውን ሕዝቡ ግንባሩ ላይ ገንዘብ እየለጠፈ ይሸልመዋል። ተፈናቃይ ሰው የራሱን ጨዋታ ይዞ ከተማን ማስደሰት እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው።

ምን ይበላል?

ፉል። ከሁሉም በፊት ፉል። ሱዳኖች ቁርስ የሚበሉት ረፈድ አድርገው፣ በእኛ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ባቄላው በትልቅ ማሰሮ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል፤ የሰሊጥ ዘይት፣ ነጭ አይብ፣ ሽንኩርት፣ ጣዕሚያ (የተጠበሰ የሽንብራ ሊጥ) ይገባበታል። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ስድስት ሰው ይቀርባል። ገንዘብ ያጠረው ቦሽ ያዛል፤ የፉል መረቅ በተፈረፈረ ዳቦ ላይ ፈስሶበት ማለት ነው። የተማሪና የቀን ሠራተኛ ምግብ ነው፣ የእኛም ነበር።

ኪስራ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር ስስ ነው፤ ዓይን የሌለው እንጀራ በሉት። ሊጡ እንደ እኛው ይቦካል። ሙላህ በሚሉት ወጥ ይበላል፤ ወይካ (የደረቀ ባሚያ) የገባበት ሙላህ ልስልስ ነው፣ መጀመሪያ ይከብዳል፣ በኋላ ይናፍቃል። አሲዳ ደግሞ የእኛ ገንፎ ዘመድ ነው፤ ቅቤና በርበሬ ከመሐል ስትፈልጉ ግን አታገኙም፣ ወጡ ከላይ ነው የሚፈሰው።

ሥጋ ለሚወድ አጋሼ አለ፤ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ሥጋ በለውዝና በቅመም ተለውሶ፣ በእንጨት ተሰክቶ እሳት ዳር የሚጠበስ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ሕዝቦች የገባ ምግብ ነው። ዓሣ ለሚወድ ደግሞ በኦምዱርማን ወንዝ ዳር የሞረዳ ሰፈር አለ፤ የተጠበሰው ዓሣ ከሻጣ (ከሚያቃጥለው በርበሬ) ጋር ይቀርብ ነበር። ለጥም ከርከዴ፣ አረዴብ (የሁመር ጭማቂ) እና ከባኦባብ ፍሬ የሚሠራው ጎንጎሌዝ ይጠጣል።

በረመዳን አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ማፍጠሪያ ሲደርስ እያንዳንዱ ሰፈር ምንጣፉን መንገድ ላይ ያነጥፋል፣ ሰው መኪና አስቁሞ መንገደኛውን ያስገባል። «ኢትፈደል» ይላሉ፣ እባክህ ግባ፣ ብላ ማለት ነው። ሃይማኖትህን፣ ወረቀትህን የሚጠይቅ የለም። በሌላው ወር መንገድ ላይ የምንፈራ ሰዎች በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጠን እንበላ ነበር።

ደይም፤ የሐበሻ ሰፈር

ሐበሻ የሚናፍቀውን የሚያገኘው ደይም ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የበዙበት ሰፈር ነበር። እንጀራ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ፣ በር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ይታያል። እንጀራው አንዳንዴ ማሽላ ይበዛበታል፣ ግን እንጀራ ነው። ሱዳኖችም ይመጣሉ፤ ወጡን ሁሉ «ዝግኒ» ነው የሚሉት፣ ሽሮም ቢሆን።

ዘፈን ሌላው ድልድያችን ነው። የእነሱም ሙዚቃ እንደ እኛ በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ጆሯችን አይለያይም። በ2012 ያረፈው መሐመድ ወርዲ በኢትዮጵያም እንደ ሀገሩ ዘፋኝ ነበር የሚወደደው። ካርቱም ደግሞ ታክሲ ውስጥ የእኛ ዘፈን ተከፍቶ፣ ቃሉን ሳያውቁ አብረው ሲያዜሙ መስማት የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ዘፋኝ ኮንሰርት ላይ ከእኛ ይልቅ እነሱ ይበዙ ነበር።

ለሴቶች ግን ከተማዋ ሁልጊዜ እንዲህ ክፍት አልነበረችም። የሴትን አለባበስና አዋዋል የሚቆጣጠረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ እስከ ኅዳር 2019 ነበር። ሱሪ ለብሳ የተያዘች፣ የተገረፈች ሴት ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ያ ሕግ ሲሻር የዚያን ሳምንት ዓርብ ናይል ጎዳና ላይ የነበረውን የሴቶች ሳቅ አልረሳውም።

ከከተማ ወጣ ለሚል

ከካርቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሸንዲ አለፍ ብሎ የሜሮዌ ፒራሚዶች አሉ። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከግብፆቹ ያንሳሉ፣ ሾል ያሉ ናቸው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ወደዚህ ምድር መዝመቱን በድንጋይ ላይ አስጽፎ ትቷል። ቅርብ የሚፈልግ ወደ ደቡብ በነጭ ዓባይ ላይ ወዳለው፣ በ1937 ወደተጠናቀቀው የጀበል አውሊያ ግድብ ዓሣ ሊበላ ይሄድ ነበር።

ጦርነቱና ከተማዋ

ጦርነቱ የጀመረው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ቅዳም ሹር ነበር፣ ለእነሱ የረመዳን መጨረሻ። ደይም ውስጥ ዶሮው ተበልቷል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ሌሊት ለቅዳሴ የሚለበሰው ነጠላ ታጥቦ ተሰጥቷል። ጠዋት ተኩሱ ሲሰማ ርችት የመሰለን ነበርን። ያን ፋሲካ ብዙዎቻችን አልጋ ሥር ተኝተን ነው ያሳለፍነው፤ ጾሙን የፈታነውም በውሃና በደረቅ እንጀራ ነው። ከዚያ ገሚሱ ወደ መዳኒና ገዳሪፍ፣ ገሚሱ ወደ መተማ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ፦ ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኅዳር 2023 ፈረሰ። ቱቲ ለወራት ተከበበች፣ ነዋሪዎቿም ወጡ። የሱዳን ጦር የድሮውን ኦምዱርማን በመጋቢት 2024፣ ቤተ መንግሥቱንና አየር ማረፊያውን በመጋቢት 2025 መልሶ ያዘ። ሰዎች መመለስ ጀምረዋል፣ ብዙው ቤት ግን የተዘረፈና የተቃጠለ ነው።

ስለዚህ ከመጠለያ ሆናችሁ «ካርቱም ተከፈተ» ሲባል ለምትሰሙ ይህን ልብ በሉ፦

— ከመጠለያ ያለ ተስሪህ (የመንቀሳቀሻ ፈቃድ) አትውጡ። በመንገድ ላይ ያለ ኬላ ሁሉ ይጠይቃል። የስደተኛ መታወቂያችሁንና ቅጂውን ለየብቻ ያዙ።

— «አደርሳችኋለሁ፣ ሥራም አለ» የሚልን ደላላ አትመኑ። መረጃ ከመጠለያው ጽሕፈት ቤትና ከዩኤንኤችሲአር ሠራተኞች ጠይቁ፤ በቅርቡ ከተማውን ያየ ዘመድ ካላችሁም ደውሉለት።

— ካርቱም ውስጥ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች አሉ። ባዶ ቤት አትግቡ፣ የወደቀ ብረት አታንሱ፣ ልጆችን አስጠንቅቁ።

— ኬላ፣ ወታደር፣ ድልድይና የፈረሰ የመንግሥት ሕንፃ ፎቶ አታንሱ። ስልካችሁ ውስጥ ያለውም ሊታይ ይችላል።

— የድሮ ቤታችሁን ወይም ዕቃችሁን ለማየት ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ዕቃ ይተካል።

ሐቦባን በስልክ ያገኘኋቸው ከወጣሁ ከዓመት በኋላ ነው፤ እሳቸውም ተፈናቅለው ፖርት ሱዳን ነበሩ። «ዓርብ ዓርብ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። መጠለያ ነኝ፣ የትም አልሄድም አልኳቸው። «እዚያም ቢሆን የሚታይ አይጠፋም፤ ውጪና እዪ» አሉኝ። ካርቱምን ሳታዩ የወጣችሁ፣ አሁን ያላችሁበትን ከተማ፣ ገዳሪፍም ይሁን ከሰላ፣ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን እዩት። ገበያውን ዙሩ፣ ፉል ብሉ፣ ስሙን ጠይቁ። ልጆቻችሁ አንድ ቀን ይጠይቋችኋል።